አባዬ የተየበልኝ ጨዋታ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት የሥራ ስብሰባ ላይ እያለሁ ካሜራዬን አጠፋሁ። ሰው ሲናደድ በሩን ዘግቶ ይወጣል፤ እኔ የምዘጋው በር ስላልነበረኝ ካሜራውን ዘጋሁ።

ወረርሽኙ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። መሥሪያ ቤቴ ኮሎምበስ ዳር ያለችው ደብሊን ነው፤ ግን ሕንጻውን ካየሁት ወራት አልፈዋል። ፒከሪንግተን ካለው ቤታችን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ እግሬ ሥር ማሞቂያ አስቀምጬ ነው የምሠራው። በትንሿ መስኮት የሚታየኝ የጓሮው በረዶ ብቻ ነው። አለቃዬ ግሬግ፣ እንዳንረሳሳ ብሎ ይመስለኛል፣ አንድ ልማድ አመጣ፤ በየዓርቡ አንድ ሰው ከቤቱ አሮጌ ዕቃ ፈልጎ ለሁላችን ያሳያል። ያን ቀን ተራው የራሱ ነበር። ጠርዙ የተበላ፣ ወረቀቱ የወየበ ወፍራም መጽሐፍ ካሜራው ፊት ያዘ። ከወላጆቹ ቤት ጣሪያ ሥር ነው ያገኘው። የቤት ኮምፒውተር ጨዋታዎች መጽሐፍ ነበር።

ለማያውቀው ላስረዳ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ጨዋታ እንደ ዛሬ በስልክ አይወርድም ነበር። መጽሐፍ ላይ ይታተማል፤ ሥዕሉ ሳይሆን ራሱ ፕሮግራሙ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ፣ መስመር በመስመር። ልጁ መጽሐፉን ጎኑ አስቀምጦ ያንን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይተይባል። ሰዓታት ይፈጃል። አንዲት ነጥብ ከሳተ አይሠራም። ካልሳተ ይጫወታል።

የስብሰባው ሰው ሁሉ ፊቱ በራ። አንዱ እናቱ ብስኩት እያመጣችለት ቅዳሜውን ሙሉ ሲተይብ እንደሚውል አወራ። ሌላዋ አባቷ እያነበበላት ትተይብ እንደነበር ስትነግረን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ግሬግ ወደ እኔ መጣ። በዕድሜ እኩያሞች ነን፤ ሁለታችንም ሃምሳን ነክተናል።

"ሁላችንም ያደግነው በዚህ ነው፤ አይደል አዜብ?" አለኝ። "እንዴት ያለ ዕድል ነበር!"

ሁላችንም አለ። "አዎ" አልኩና ፈገግ ብዬ ካሜራዬን አጠፋሁ። ልጄ ሶልያና ፎቅ ላይ ሆና በኮምፒውተር ትምህርቷን እየተከታተለች ነበር፤ ስነሣ ወንበሬ ሲወድቅ ሰማች መሰለኝ፣ "ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" ብላ ተጣራች። "አይ አም ፋይን" አልኳት። አልነበርኩም። ሽበት ያወጣሁ ሴትዮ ስለ አራት ገጽ ጨዋታ ብዬ ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር።

ኮሎምበስ የገባነው በሱዳን በኩል ነው፤ አባዬ፣ እማዬና እኔ። አሥር ዓመቴ ነበር። ሊንደን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ተከራየን። የማሞቂያው ቧንቧ ሲንኳኳ ሰው በር የሚመታ ይመስለን ነበር። ጤፍ ገና ኮሎምበስ አልደረሰም፤ የእማዬ እንጀራ የስንዴ ነበር፣ ነጭና ወፍራም፤ ለፍርፍር ግን የሚያህለው አልነበረም። እማዬ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። አባዬ ደግሞ በሰሜን በኩል ባለ ሞል ውስጥ የአንድ ትልቅ መደብር ወለል ይወለውላል። መደብሩም ሞሉም ዛሬ የሉም፤ ፈርሰው ሜዳ ሆነዋል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አባዬ አገር ቤት ታይፒስት ነበር። ዝም ብሎ ታይፒስት አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ታይፒስት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደሉን ሳያይ ይመታል። አለቆቹ ደብዳቤያቸውን ለሌላ ሰው መስጠት ስለማይፈልጉ እሱ በር ላይ ይሰለፉ እንደነበር ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። እንግሊዝኛውን እንደ ልቡ መናገር አይችልም፤ ሲመታው ግን አንድ ፊደል አይስትም። ሱዳንም ኮሎምበስም የጽሕፈት መኪና ነክቶ አያውቅም። አንዳንዴ ራት ከበላን በኋላ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ለብቻቸው ሲንቀሳቀሱ አያቸው ነበር። ምን እየጻፈ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምትሠራ፣ አባዬ ብቻዬን ቤት ከሚተወኝ ብሎ ሥራ ይዞኝ ይሄዳል። አውቶቡስ ውስጥ የምሳችንን ከረጢት ጭኔ ሥር እደብቀው ነበር፤ በፎይል የተጠቀለለው ፍርፍር ሽታ ሰው እንዲዞር ያደርጋል። ዛሬ ሳስበው በዚያች ከረጢት ያፈርኩት ማፈር ራሱ ያናድደኛል። ሞሉ ስንደርስ እሱ ባልዲውን ይዞ ይገባል፣ እኔ መተላለፊያው ላይ ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሰውነቴ እዚያ ነው፤ ልቤ ግን መደብሩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቴሌቪዥንና ራዲዮ ከሚሸጥበት ጎን አራት የቤት ኮምፒውተሮች ለዕይታ ተደርድረው ነበር። ልጆች እየመጡ ይነካካሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይሄዳሉ።

መጽሐፉን ያገኘሁት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለው ቤተ መጻሕፍት ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንድ ጨዋታ መርጬ ያዝኩ፤ የፖስታ አውሮፕላን ነው። ጉም በሸፈናቸው ተራሮች መሀል ደብዳቤ ታደርሳለህ፤ ከፍታህን ትወስናለህ፣ ነዳጅህ እያለቀ ይሄዳል። አራት ገጽ ነበር። ኮምፒውተር ስላልነበረን ፕሮግራሙን ሌላው ሰው ልብ ወለድ እንደሚያነበው አነበብኩት። የቱ ትእዛዝ ወዴት እንደሚልክ፣ አውሮፕላኑ የት ላይ ሲደርስ እንደሚከሰከስ፣ ሁሉን በጭንቅላቴ አውቀው ነበር። ማሽን ላይ ግን አንድም ቀን ሲሠራ አላየሁትም።

ለመተየብ ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። አራት ቅዳሜ ሞክሬያለሁ። ግን በአንድ ጣት ነው የምተይበው። ገጽ ተኩል እንደሄድኩ አንድ ልጅ መጥቶ "ተራዬ ነው" ይላል፤ ማሽኑን አጥፍቶ ያበራዋል፤ የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል። በካሴት ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ካሴቱም መቅረጫውም አልነበረኝም።

በአራተኛው ቅዳሜ አባዬ ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ ወንበሬ ላይ አኩርፌ አገኘኝ።

"ምን ሆነሻል?"

"ጣቴ አይፈጥንም" አልኩት። መጽሐፉን አሳየሁት።

ገጹን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። "ይህ እኮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው" አለኝና ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ሱዳንን ከለቀቅን ወዲህ አላየሁትም ነበር። "የሚመጣው ቅዳሜ" አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሥራ ልብሱን ቀይሮ መጣ። ከቤት ይዞት የወጣውን ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቧል፤ የሳሙናው ሽታ ይሰማኝ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ወጣን። ወንበር የለም፤ ቆሞ ነው የሚተይበው። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይመታል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ማሽኑ ስሕተት ነው አለን። ሳየው አባዬ 1 ቁጥርን በመምታት ፈንታ ኤል (l) የምትባለዋን ፊደል መቷል፤ ነገርኩት።

"ምን ማለትሽ ነው፣ አንድ የራሱ ቁልፍ አለው?" አለኝ ተገርሞ። የድሮው የጽሕፈት መኪና ላይ የአንድ ቁጥር ቁልፍ የለም፤ ታይፒስቶች ትንሿን ኤል ነው የሚጠቀሙት። መልክዋ ያው ስለሆነ ወረቀት ላይ ማንም አይለየውም። ኮምፒውተር ግን ይለየዋል።

ከዚያ በኋላ እንደ ዝናብ ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ጣቶቹ ለብቻቸው ይሮጣሉ። መስመር ሲያልቅ ግራ እጁ እዚህ የሌለውን የጽሕፈት መኪና መስመር መመለሻ ማንሻ ሊገፋ ብድግ ይልና ይመለሳል። ለማንበብ እኔ አቃተኝ። ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ሥራዋ ጸሐፊነት እንደነበር ነግራን "ሉክ አት ሂም ጎ" አለች፤ ሲሮጥ እዩት ማለቷ ነው። አባዬ አልዞረም፤ ግን ጀርባው ቀጥ አለ። አራቱ ገጽ አለቀ። "አስነሺው" አለኝ። አስነሣሁት።

ስሕተት አለ። መስመሩን አወጣሁት። መሀሉ ላይ ኤል ነበረች። አስተካከልኩና አስነሣሁ፤ ሌላ መስመር ላይ ሌላ ኤል። የመስመሩን ቁጥር ሲመታ ይጠነቀቃል፤ መሀል ሲገባ ግን እጁ ወደ ሃያ ዓመት ልማዱ ይመለሳል።

"አባዬ! ኤል አይደለም አልኩህ እኮ! አንድ ማለት አንድ ነው!" ብዬ ጮኽኩበት። በአማርኛ ነው፤ ቢሆንም የቆሙት ሰዎች ሁሉ ገባቸው።

"እሺ" አለኝ። "እሺ፣ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።"

አንድ በአንድ እያስተካከልን ሳለ የክፍሉ ኃላፊ መጣ። ቀጭን፣ ክራባቱን በሸሚዙ ኪስ ውስጥ የሚከት ሰው። አባዬን ከኮቱ ውስጥ ለይቶ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት።

"አንተ ጽዳት ነህ አይደል?" አለው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም ይላሉ። ይለያል፤ በድምፅ ይለያል።

"ሰዓቴ አልቋል ሰር" አለ አባዬ። "ከልጄ ጋር ነኝ።"

"የጽዳት ሠራተኛ ዕቃ አይነካም። ልትገዛው ነው?"

ከጎናችን ባለው ማሽን ላይ አንድ ፈረንጅ ልጅ ከአባቱ ጋር እኛ ከመምጣታችን በፊት ጀምሮ ይጫወት ነበር፤ ልትገዙት ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሰውየው እጁን ከማሽኑ ኋላ ሰዶ አጠፋው። ስክሪኑ ጨለመ። ምናልባት ሁለት ስሕተት ነበር የቀረን፤ ምናልባት አንድ።

"ታንክ ዩ ሰር" አለ አባዬ።

አውቶቡሱ እስኪመጣ ከአባዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። የመጋቢት ጭቃና በረዶ የተቀላቀለበት ቀን ነበር፤ ጫማዬ ረጥቧል። አውቶቡሱ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ አልቻልኩም።

"ለምንድን ነው ታንክ ዩ ያልከው?"

"ሌላ ቃል አልመጣልኝም" አለኝ።

"ታይፒስት ነኝ፣ ታይፒስት ነኝ ትላለህ፤ አንድ ቁጥር እንኳ መምታት አትችልም።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያንን አረፍተ ነገር ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰውየውን ስረግም ራሴንም አልተውም።

ሳምንቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ሰነበተ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባዬ ባልዲውን ይዞ ሲገባ ወንበሬ ላይ አልቆየሁም። መደብሩ እንደተከፈተ ሁለተኛው ፎቅ ወጣሁ፤ ሰው አልነበረም። አራቱም ማሽኖች ላይ ሁለት ሁለት መስመር ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር "ይህን ቃል ጻፍ" ይላል፤ ሁለተኛው "ወደ መጀመሪያው ተመለስ"። ከዚያ በላይ ችሎታ አያስፈልግም። ቃሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በአማርኛ "አባቴን ይቅርታ ጠይቀው" ማለት ነው። አራቱንም አስነሣኋቸውና ከቴሌቪዥኖቹ አጠገብ ቆምኩ። ቃሉ በአራቱም ስክሪን ላይ ከታች ወደ ላይ ይፈስስ ጀመር፤ ማለቂያ የለውም።

መጀመሪያ ሁለት ልጆች መጥተው ሳቁ። ከዚያ ሻጮቹ። ከዚያ ኃላፊው። አንዱን ቁልፍ ይጫናል፣ ሌላውን ይጫናል፤ ቃሉ ይፈስሳል። ለካ ማስቆሚያዋን አያውቃትም! በየቀኑ የሚሸጠውን ዕቃ! አንዲት ቁልፍ እኮ ነበረች። በመጨረሻ ተንበርክኮ ሶኬቱን ነቀለ። ሲነሣ ፊቱ ቀልቷል፤ እኔን አየኝ። አልሮጥኩም።

"ስምሽ ማነው?"

"አዜብ ተሰማ" አልኩት ጮክ ብዬ። በእኛ አገር የአባት ስም ነው የሚከተለው። የአባዬ ባጅ ላይ ደግሞ ተሰማ ተብሎ ተጽፏል።

ሰኞ አባዬ ሥራ በሚሆንበት ሰዓት ቤት መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እማዬ ከፊቱ ቆማለች። "ሥራው አልቋል" ብቻ ነው ያላት። እማዬ እኔን አየችኝ፣ ምጣዷን አንሥታ ማጠብ ጀመረች፤ ንጹሕ ነበረች።

"ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?" አለኝ አባዬ። ነገርኩት። "ስንት ጊዜ ይጽፈዋል?" አለኝ። "እስኪያጠፉት ድረስ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አልረሳቸውም። እማዬ የሁለት ሰው ሥራ ሠራች፤ እጇ በክሎሪን ተላላጠ። አባዬ በመጨረሻ መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ ገባና እዚያው ጡረታ ወጣ። መጽሐፉን መለስኩ። የፖስታ አውሮፕላኑን ሲበርር አላየሁትም። ሰዎች ፕሮግራመር የሆንሽው በፍቅር ነው ወይ ይሉኛል። በንዴት ነው። ማንም ከኋላ እጁን ሰዶ የማያጠፋብኝ ማሽን እንዲኖረኝ ነበር የፈለግኩት። አባቴን ከሥራ አስባርሬ ነው የተማርኩት እያልኩም ነው የኖርኩት፤ ስመረቅም፣ ቤት ስገዛም፣ አባዬን ወደ ቤቴ ሳመጣም።

እና ባለፈው ዓርብ ካሜራዬን አጥፍቼ ደረጃውን ወጣሁ። አባዬ ሳሎን ውስጥ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ክትባቱን ከወሰደ ወዲህ ደግሞ ትንሽ ኮርቷል።

"አባዬ፣ የሞሉን ሥራ ታስታውሳለህ? በእኔ ምክንያት ያባረሩህን?"

"ማን አባረረኝ?"

"መደብሩ ነዋ።"

ብርቱካኑን ሳህኑ ላይ አኖረው። "ማንም አላባረረኝም" አለኝ። "ሰውየው ቢሮው ጠራኝ። ልጅህን ቅዳሜ አምጣት፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ይቅርታ ትጠይቀኝ፣ አንተም ሥራህን ትቀጥላለህ አለኝ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"ባጁን ከደረቴ ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።"

"ምንም ሳትናገር?"

"'ኖ' አልኩት። ለእሱ የሚሆን እንግሊዝኛ ነበረኝ።"

ላቅፈው ይገባኝ ነበር። ጮኽኩበት እንጂ አላቀፍኩትም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ! ይህን ሁሉ ዓመት በእኔ ጥፋት ነው እያልኩ ስኖር፣ እማዬ እንኳ ያባረሩህ መስሏት ስትሞት፣ እንዴት አንድ ቀን አትነግረኝም አልኩት። ሶልያና ደረጃው ላይ ቆማ ታየናለች። አባዬ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"አንቺ እኮ ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለኝ። ቁጣ የለበትም። "የምታውቂው መስሎኝ ነበር።"

ትናንት ሰኞ ግሬግ ኮል አደረገኝ። ዓርብ ዕለት ድንገት ጠፋሽብን፣ ኢንተርኔቱ ነው ወይ አለኝ። ኢንተርኔቱ አይደለም አልኩት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፣ ባጁን ጭምር።

"አዜብ፣ አላወቅኩም ነበር" አለኝ በመጨረሻ።

"አልጠየቅከኝም" ልለው አፌን ስከፍት ቃሉ ለአፍታ ያዘኝ። ከሦስት ቀን በፊት ለእኔ የተባለ ቃል ነው፤ የተባለውም በትክክል ነበር። ያም ሆኖ አልኩት። ለእሱም ይገባው ነበር። አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ "ሁላችንም" ከማለቱ በፊት አንድ ቀን ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር።

ንዴቴ አልበረደም፤ ይበርዳል ብዬም አልጠብቅም። ስልኩን ዘግቼ ግን ቤዝመንት ውስጥ አልቆየሁም። ወጥቼ ከአባዬ ጎን ተቀመጥኩ፤ ከዚያም የማላውቀውን ሁሉ፣ ታይፒስት ከነበረበት ከአዲስ አበባው ቢሮ ጀምሮ፣ እጠይቀው ገባሁ።